የዲና መልእክቶች

ሀምዲያ አሥራ ሁለተኛውን የኢሜይል ሣጥን ወደ አዲሱ አገልግሎት አሻግራ አሥራ ሦስተኛውን ስትጀምር፣ ሥራ አስኪያጁ ፍቅረ ማርያም ሳያንኳኳ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው። ጠባቧ የሰርቨር ክፍል ወዲያው በሽቶው ታፈነች።

"እንዴት ነው? ፈረንጆቹ ተቀበሉሽ?"

"አትጨነቅ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠላሳ ስምንቱም ሣጥን ይገባል።"

የትራንዚት ድርጅቱ ኢሜይል ስምንት ዓመት ሙሉ የኖረው እዚችው ክፍል፣ እሷ በምትጠብቀው ሰርቨር ላይ ነበር። መብራት በሄደና ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ስትበር የምትመጣው እሷ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሁሉም ነገር ውጭ አገር ባለ ትልቅ ኩባንያ ዘንድ ሊቀመጥ ነው። ለድርጅቱ ደግ ሳይሆን አይቀርም። ለእሷ ምን ሥራ እንደሚተርፋት ግን እስካሁን የነገራት የለም።

ፍቅረ ማርያም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጠረጴዛዋን ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሀምዲ፣ በመንገድ ላይ ዕቃ ይጎድላል አይደል? ከጅቡቲ የሚመጣው እንኳ ስንቱ ይጎድላል!"

"ኢሜይል አይጎድልም።"

"ቢጎድልስ? የዲናን ዝለይው። ከዚያ ይሄን አሮጌ ማሽን ከነያዘው አጥፊና ገላግይን። የጠየቀ ካለ ፈረንጆቹ ጣሉት ነው። ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል?" ሳቀ። "ላንቺ ደግሞ እኔ አለሁ። ሥራሽ የትም አይሄድ።"

ዲና የሰነድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ፍቅረ ማርያም፣ ይሄ የሦስት ልጆች አባት፣ እየደወለ አላስቀምጥ ሲላት ስልኳን ዘጋችበት። አያፍርም፣ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይጽፍላት ጀመር፤ እሱን መቼም መዝጋት አትችልም። በመጨረሻ ለቦርዱ ከሰሰች። ቦርዱም የጻፈላትን ሁሉ ሰኞ ሊያይ ቀጥሯል። ዛሬ ዓርብ ነው።

ሀምዲያን ያስጠላት ነውሩ ብቻ አይደለም፤ ሻይ እንደሚያዝ ሰው ዘና ብሎ ማዘዙ፣ እሷም እሺ እንደምትል አለመጠራጠሩ ነው። በድሬ ወግ አለቃንም "አንተ" ማለት ያለ ነው፤ እሷም ስምንት ዓመት እንዲያ ብላዋለች። አሁን ያ ሁሉ ቅርርብ ቀፈፋት።

"አቶ ፍቅረ ማርያም፣ ያሉኝን በጽሑፍ ይስጡኝ። በኢሜይል ቢልኩልኝም ይበቃል።"

"ምን ሆነሻል? 'እርስዎ' ደግሞ ከየት መጣ?"

"የሥራ ትእዛዝ አይደል? ይጻፉት።"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "አንቺ ልጅ፣ ከነገ ጀምሮ ማን እንደሚፈልግሽ አስበሻል? ያንቺን ሥራ እኮ ፈረንጅ ወስዶታል። እኔ ካላልኩ ሰኞ እዚህ የለሽም።"

ሀምዲያን የቤት ኪራይዋ ትዝ አላት፤ ሥራ ከጠፋ የእህቷን ልጅ ማን እንደሚያስተምር አሰበች። ፈራች፣ ወላሂ ፈራች። ቀና ስትል ፍቅረ ማርያም መፍራቷን አይቶ ከንፈሩን በእርካታ ሲልስ አየችው። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም።

አሥራ ሦስተኛውን አቋረጠችና የዲናን አስቀደመች። ከዚያ አጠገቡ አልፋ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ።

"ዲና!" ብላ ተጣራች። "ነይ፣ መልእክቶችሽ እየተሻገሩ ነው። አንድ በአንድ ቆጥረሽ ተረከቢኝ።"