ጎማው አስፋልት ካልነካ

ሞተር ብስክሌቱ ታርጋ የለውም። ስፖኪዮ የለው፣ ፍሬቻ የለው፣ የፊት መብራት የለው፤ ሲቆም የሚደገፍበት እግር እንኳ አልሠሩለትም። ፋብሪካው ረስቶት አይደለም፤ ለውድድር ሜዳ ብቻ የተፈጠረ ስለሆነ ነው። ከትልልቆቹ ያነሰ፣ ከትንንሾቹ የበረታ፣ መካከለኛ ጉልበት ያለው ነገር ነው። መንገድ ላይ አይነዳም፤ እስከ ሜዳው ድረስ እንደ ሙሽራ በመኪና ይሄዳል። ይህን የቤት ዕቃ የሚሠራበት የሰፈሩ እንጨት ቤት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል፤ ሞተሩ የሚያድረው እነሱው ዘንድ፣ በቁም ሳጥንና በአልጋ መሃል፣ አንሶላ ለብሶ ነውና።

እዚያ እንዲያድር ያደረገችው እትዬ ቫርኒሽ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቡፌና ኮመዲኖ ስትቀባ የኖረች ሴት ናት፤ ቅጽል ስሟም ከጣቶቿ ላይ እንደማይለቀው ቀለም ተጣብቆባት ቀርቷል። ነጂዋ ልጇ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አርፋ መቀመጥ ስለማታውቅ ንቢቱ ይሏታል። የምትወዳደርለት ክለብ ሞተሩን ለንቢቱ የሰጣት በአንድ ቃል ነው፤ ዛሬ ከተወዳደረች ሞተሩ እሷ ዘንድ ይቆያል፣ ከቀረች ለሌላ ነጂ ይሰጣል። ለሌላው ነጂ ደግሞ የሚሟገቱለት ዘመዶች ሞልተውታል። ለንቢቱ ያላት እናቷ ብቻ ናት።

አጎትም አላት፤ ከተቆጠረ። የእትዬ ቫርኒሽ ታናሽ ወንድም ፒክአፕ አለው። ሞተሩን ጭኖ ከእንጨት ቤቱ ደጅ ወጣ፣ ኩርባውን ዞረ፣ ፒክአፑ ሁለቴ አስነጠሰና ቀጥ አለ።

«ባትሪው ነው» አለ አጎት፣ መሪውን እንደታቀፈ።

«ባለፈውም ባትሪው ነው ብለኸኝ ነበር» አለች እህቱ ከጎኑ።

«ያኔማ ነዳጅ ነበር እኮ።»

ንቢቱ የቆዳ ልብሷን እስከ አንገቷ እንደቆለፈች ከኋላ ዘላ ወረደች። «እማ፣ የሞተር ምርመራው ሊዘጋ ነው። የሜዳው አጥር ያውና ይታያል። እንግፋው።»

አወረዱት። እናት ከኋላ፣ ልጅ መሪው ላይ፣ አጎት ደግሞ ከጎን ምክር እየሰጠ፣ መግፋት ጀመሩ። ገና ከመስቀለኛው መንገድ ሳይደርሱ ፊሽካ ተነፋ።

የትራፊክ ፖሊሱ ልጅ እግር ነው፤ ጓንቱ ከፊቱ ይነጣል። ሞተሩን ዞሮ አየው። «ታርጋው?»

«የለውም» አለች ንቢቱ። «የሜዳ ነው።»

«ስፖኪዮ? መብራት? ፍሬቻ?»

«የለውም አልኩህ፣ ወንድሜ። እየነዳሁት አይደለም። ሞተሩም አልተነሳም፣ እየገፋነው ነው።»

«ታርጋ የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ አይገኝም። ተነስቶ ወደ ጣቢያ እስኪወሰድ ከዚህ ንቅንቅ አይልም።»

አጎት ባርኔጣውን አወለቀ። «የኔ ጌታ፣ ጥፋታችን ነው፣ ለዛሬ ብቻ...»

«ባርኔጣህን አድርግ!» አለችው እህቱ። ደሟ ፈልቷል። «ምን አጥፍተን ነው የምትለማመጠው?» ወደ ፖሊሱ ዞረች። «ስማ፣ ልጄ። አሁን በዚህ በኩል ጥቀርሻ እየተፋ ያለፈው ከባድ መኪና፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ አላየኸውም? ያ ሚኒባስ በሩ በገመድ ታስሮ አይደለም እንዴ የሚሄደው? ለነሱ ፊሽካህ ታፍኖ፣ በእግሯ የምትሄድ ልጅ ስታይ ተነፈሰ?»

«እናቴ፣ ይረጋጉ። ሕግ ነው።»

«አልረጋጋም! ሕግ ከሆነ ለሁሉም ይሁን። ያልተቀባ ቁም ሳጥን ከነጎማው እኮ ገፍቼ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ታርጋ የጠየቀኝ የለም።»

«ቁም ሳጥን ዕቃ ነው፣ ይሄ ተሽከርካሪ ነው። ጎማው አስፋልት ከነካ ተሽከርካሪ ነው፣ አለቀ።»

«ካልነካስ?»

ፖሊሱ ሳቀ። እንደ ቀልድ ነበር የወሰደው። «ካልነካማ ምን ቸገረኝ፣ ጭነት ነው። ተሸክመው ይሂዱ።»

እትዬ ቫርኒሽ ሌላ ቃል አልጠየቀችም። ቀሚሷን ሰብስባ ወደ እንጨት ቤቱ ሮጠች።

እንጨት ቤቱ አንድ ደንብ አለው። የተቀባ ዕቃ ደንበኛው ቤት ሳይገባ መሬት አይነካም። ቫርኒሹ ሳይጠነክር እግሩ አሸዋ ላይ ካረፈ፣ የሳምንት ሥራ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ተሸካሚዎቹ መንገድ ላይ አያሳርፉም፤ የደከመው «ተረከብ!» ይላል፣ ተረኛው እየተራመደ ከጎኑ ይገባል፣ ዕቃው ሳይቆም ሰው ይለወጣል። አዲስ ሠራተኛ ይህን ካልቻለ ከመጥረጊያ አያልፍም።

«ኑ ውጡ!» አለች ከበሩ። «የተቀባ ዕቃ አለ!»

አናጢዎቹ ጉዳዩን እየሮጡ ሰሙ። ረጃጅም የሞራሌ እንጨቶች ይዘው መጡና ከሞተሩ ሥር አሳልፈው፣ የአልጋ ማሰሪያ ጠፍሩን በወገቡ ዙሪያ አጠላልፈው አሰሩት።

«የፕላስቲክ ልባሱን እንዳትነኩት፣ ይሰነጠቃል» አለች ንቢቱ።

«አይዞሽ፣ የመስታወት በር የተሸከምን ሰዎች ነን» አላት ዋናው አናጢ። «በሉ፣ ወደ ትከሻ!»

«ወደ ትከሻ አይባልም!» ጮኸች እትዬ ቫርኒሽ። «ሬሳ ነው እንዴ? እስከ ወገብ ብቻ!»

ሁለቱም ጎማዎች ከአስፋልቱ ተነሱ። የፖሊሱ ሳቅ እዚያው ደረቀ። ቃሉን መልሶ እንዳይውጠው መንገዱ ዳር ያለው ሻይ ቤት ደንበኞች ሁሉ ሰምተውታል፤ አሁንም ብርጭቋቸውን ይዘው ወጥተዋል። «ቢነካ ግን» አለ ጣቱን ቀስሮ፣ «አንዴ ቢነካ እይዛለሁ።» ከጎናቸው ሆኖ፣ ዓይኑን ጎማው ሥር ተክሎ መሄድ ጀመረ።

እትዬ ቫርኒሽን ይህ ይበልጥ አበገናት። ሰው ልጁን ለቁምነገር ሲያደርስ አብሮ የሚያዝን ባይገኝ፣ እስኪወድቅ ጎንበስ ብሎ የሚጠብቅ ይመደብበት?

«ተረከብ!» ተባለ፤ ሰው ተለወጠ። «ተረከብ!» እንደገና። መስቀለኛው መንገድ ላይ መኪኖች ጥሩምባቸውን አንጫረሩ፤ ፖሊሱ ሳይወድ እጁን ዘርግቶ አስቆመላቸው። «ይኸው፣ መንገድ ማስከፈትም ታውቃለህ!» አለችው።

ችግሩ የመጣው የሜዳው በር ጋ ሊደርሱ ሲሉ ነው። አጎት እፍረት ያዘውና ከኋላ የደከመውን አናጢ «አምጣ፣ እኔ ልያዝ» አለ። ገባ። ደንቡን ግን አያውቅም። ጥቂት እንደሄደ ከበደውና «ተረከብ» ማለት ሲገባው፣ «ኧረ ትንሽ እናሳርፈው» ብሎ እጁን ለቀቀ።

የኋላው ጎማ ቁልቁል ወረደ። ንቢቱ መሪውን እንደያዘች ጮኸች። ፖሊሱ ጎንበስ አለ። እትዬ ቫርኒሽ አላሰበችም፤ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ የሞራሌውን ጫፍ በክንዶቿ ተቀበለችው። ጎማው ጣት ብቻ በሚያሾልክ ክፍተት ላይ ቆመ።

«ነካ!» አለ ፖሊሱ።

«አልነካም!» አለ ተከትሎ የመጣው የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ።

«ጣትህን አስገባና እይ!» አለችው፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጉልበቷ ተልጦ እየደማ። «አስገባ! ያንን ነጭ ጓንትህን አስገባ!»

ፖሊሱ ጓንቱን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። አላስገባም። አናጢዎቹ ጫፉን ከክንዷ ተረከቡ፣ ሞተሩ ከፍ አለ፣ የሜዳውን በር አልፎ ጠጠሩ ላይ አረፈ። መርማሪው በሩን ሊዘጋ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነበር።

«ነጂና አንድ ረዳት ብቻ» አለ። «ሌላ አይገባም።»

አጎት ፊት ቀደመ። «መካኒኳ እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለች እህቱ። «የገዛ ባትሪህን ያላወቅህ?» እሱ ግን ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ንቢቱ ከውስጥ «እማ!» አለች፤ ሌላውን ቃል የሞተሩ ድምፅ ዋጠው።

አናጢዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እትዬ ቫርኒሽ ግን የሽቦውን አጥር ተከትላ ኩርባው ጋ ደረሰችና ቆመች። ልጇ ስትወዳደር አይታ አታውቅም፤ ፈርታ አላይም ብላ ነበር። ሞተሮቹ እየተጯጯሁ መጡ። ንቢቱን ከመሃል ለየቻት፤ አንገቷን ቀብራ ክንዷን የምታጥፈው ልክ እንደ አተኛኘቷ ነው። ኩርባው ላይ ሞተሩ ዘመመ፣ ዘመመ፣ የልጅቱ ጉልበት መሬት እስኪፍቅ ድረስ ዘመመ።

«ቀና በይ!» ጮኸች ሽቦውን አንቃ። «አንቺ ልጅ፣ ቀና በይ ነው የምልሽ!»

«እናቴ» አላት ከጎኗ የቆመ ሰው፣ «እዚህ ጋ ቀና ካለች እኮ ከሜዳው ትወጣለች።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው። እንባዋን በቫርኒሽ እጇ ጠረገችና፣ ዞራ እስክትመጣ ጠብቃ፣ እንደገና ጮኸችባት።