አንድ ስንዝር አበባ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የትልቁ ማሽን ኦፕሬተር ነው፤ አንድ ቀን ሦስት ሜትር ከፍታ ባለው የግድግዳ ወረቀት ላይ የአንድ ሚሊሜትር ስህተት አግኝታ ጥቅልሉን ሙሉ እንደገና ስላሳተመችው እስከ ዛሬ ቂሙ አልለቀቀውም።

ሥራዋ የደንበኞችን ሥዕል ለጨርቅና ለግድግዳ ወረቀት በልኩ ማዘጋጀት ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ሰው ግን ጥፍር የምታህል ፎቶ በስልኩ ይዞ ይመጣና «ይቺን የሳሎኔን ግድግዳ ሙሉ አድርጊልኝ» ይላል። እሷም ፎቶዋ ስትለጠጥ ነጥቦቿ እንደ ጡብ አንድ በአንድ እንደሚታዩ ታስረዳለች፤ ሰውዬው ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ «ትንሽ ብቻ ለጥጪያት» ይላል። ሌላዋ ደግሞ ለመጋረጃዋ ርግቦች መርጣ መጣች። ስክሪኑ ላይ ሲያዩአቸው እንዴት ያምሩ ነበር! ልካቸው ሳይታይ ታትመው ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋ መስኮቷ ላይ በግ በግ የሚያካክሉ ርግቦች ሰቅላ ትኖር ነበር።

ስለዚህ ሚሊሜትር አንድ ሕግ አላት። «ስክሪን ውሸታም ነው» ትላለች። ሥዕሉን በእውነተኛ ልኩ በተራ ወረቀት ታትማለች፣ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ ደንበኛውን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ታስኬድና «ነገር በዓይን ይገባል፤ ይዩት» ትላለች። ደንበኛው አይቶ ናሙናው ላይ ካልፈረመ ንጉሥም ቢሆን ሥዕሉ ማሽን ውስጥ አይገባም። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት እንግዲህ በገዛ አባቷ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና የገባችበት።

አባቷ መቀሳቸውን የሰቀሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ ወድቀው፣ ጎረቤት መጥቶ እስኪያነሳቸው ድረስ ሁለት ሰዓት እዚያው ተቀምጠዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጃቸው ልቧ አላረፈም። ስልክ ሳያነሱ ከቀሩ ሥራዋን ጥላ ትሮጣለች፤ ደርሳ ስታንኳኳ ደግሞ ሬዲዮ እያዳመጡ ታገኛቸዋለች። እሷ የምትኖረው ምድር ቤት ነው፤ ትርፍ ክፍል አላት፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ከእኔ ጋር ይኑሩ ብላ ሰባት ወር ለመነች። ሰባት ወር ሙሉ ቀልድ ተመለሰላት።

«ይወድቃሉ እኮ አባዬ!»

«የወደቀው ደረጃው ነው። እኔማ ቆሜ ነበር።»

«ከእኔ ጋር ቢኖሩ ምን ይጎድልብዎታል?»

«ሰላም። አንቺ ማንኪያ እንኳ የምታስቀምጪው በማስመሪያ ነው።»

እንግዲህ በነገር ካልሆነ በዓይን ይግባቸው ብላ አንድ ዘዴ አሰበች። ቤቷ ውስጥ አንዲት የቆየች ፎቶ አለች። እናቷ ልጃገረድ ሆና፣ አባቷ ሰፍተው የሰጧትን የመጀመሪያ ቀሚስ ለብሳ፣ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛቸውን ተደግፋ ትስቃለች። ቀሚሱ አበባ በአበባ ነው። ሚሊሜትር ፎቶዋን ስካን አደረገች፣ ዙሪያዋን ቆርጣ ቀሚሱን ብቻ አስቀረች፣ ከዚያም አበባውን በኮምፒውተር ቅጠል በቅጠል እንደገና ሣለችው። ለትርፉ ክፍል የግድግዳ ወረቀት ይሆናል። አባቷ በሩን ሲከፍቱ እናቷን ያያሉ፤ ካዩ በኋላ ማን ይሄዳል?

ፎቶዋ ግን ጥቁርና ነጭ ናት፤ ልኩንም አትናገርም። ስለዚህ አንድ ቀን ወሬ አስመስላ ጠየቀቻቸው።

«ያ የእማዬ ቀሚስ አበባው ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ።»

«ምን ዓይነት ቀይ?»

«ቀይ ነዋ! ቀይ ስንት ዓይነት አለው?»

እሷ ጋ መቶ አርባ ዓይነት አለው፤ ምላሷን ነክሳ ተወችው። «ትልቅ ነበር?» አለች።

«ስንዝር። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስንዝር። ስፌቱ ላይ አንድም አበባ ሳይሰነጠቅ ግራና ቀኙን ለማገጣጠም ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ለሌላ ሰው ቢሆን ሰንጥቄው ነበር።»

«እስቲ እጅዎን ይዘርጉልኝ» አለችና ማስመሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር ተኩል።

«ምንድን ነው? ጓንት ልትገዢልኝ ነው?»

«አዎ፣ ጓንት» ብላ ዋሸች።

ማተሚያ ቤት ኦፕሬተሩ ፋይሉን ሲያይ ፈገግ አለ። «ናሙናውስ? ፊርማውስ?»

«ይሄ ደንበኛ አይደለም፤ አባቴ ነው። ድንገት እንዲያየው ነው የምፈልገው።»

«አባት ከሆነማ ሁለት ናሙና ያስፈልገዋል» አላት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

የክፍሉ ግድግዳ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሠላሳ አምስት ነው፤ አራት ቁራጭ ወረቀት በቃው። ቅዳሜ ራሷ ለጠፈችው። መጋጠሚያው ላይ አንድም አበባ አልተሰነጠቀም። ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄዳ አየችውና ልቧ ቅቤ ጠጣ።

እሑድ አባቷን ለምሳ ጠርታ በሩን ከፈተችላቸው። እሳቸው ደፉ ላይ ቆሙ። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ተመለከቱት። ያለቅሳሉ ብላ መሐረብ ሁሉ አዘጋጅታለች።

«ይሄ አበባ ታሞ ነበር እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምን?»

«የእናትሽ ነው፤ አውቄዋለሁ። ግን እንዲህ አልከሳም ነበር።»

«ስንዝር ነው አባዬ! እርስዎ ነዎት ስንዝር ያሉኝ! አሥራ ስምንት ተኩል፣ በእጅዎ ለክቼ!»

«አሃ! ጓንቱ ይሄ ነው?» ብለው ሳቁ። እሷም ከብስጭቷ ጋር ሳቀች። «ልጄ፣ አንቺ የለካሽው የዛሬውን ስንዝር ነው። ቀሚሱን የቆረጥኩት በድሮው ነው። አላምንም ካልሽ ምስክር አለኝ፤ ፎቶው ላይ ቆሞልሻል።»

«ማን?»

«ጠረጴዛው ነዋ። አላየሽውም?»

ጠረጴዛውን ቆርጣ ጥላዋለች። እንዲያውም መጀመሪያ የሠራችው ሥራ እሱን ማውጣት ነበር። ይህን አፍ አውጥታ ለመናገር አፈረች።

ከምሳ በኋላ አራት ፎቅ አብረው ወጡ። ጠረጴዛው ክፍሉን ሞልቶት ተቀምጧል፤ ወፍራም እንጨት ነው፣ የጠመኔ አቧራ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነጭ መስመር ሆኗል። አባቷ ጎንበስ ብለው ጠርዙ ላይ ሁለት የምስማር ራስ አሳዩዋት። ምስማሮቹ ከመዳሰስ ብዛት የተነሳ ያበራሉ።

«ሥራ የጀመርኩ ዕለት ስንዝሬን በሁለት ምስማር መታሁት። ሜትር በጠፋ ቁጥር እንዳልቆም ብዬ። የእናትሽም ቀሚስ የተለካው እዚህ ነው።»

ማስመሪያዋን አስጠጋች። ሃያ ሦስት።

«አየሽ?» አሉና አውራ ጣታቸውን አንዱ ምስማር ላይ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። ትንሿ ጣታቸው ሁለተኛው ምስማር ጋ አልደረሰችም። ገፋ አደረጓት። አንጓዎቻቸው ነጡ። አልደረሰችም። መቀስ ከሰቀሉ ወዲህ ሞክረውት እንደማያውቁ ከፊታቸው አስታወቀ፤ ጣቶቻቸው በዕድሜና በቁርጥማት ጎብጠው አራት ሴንቲሜትር ተኩል ጎድለዋል።

«እንግዲህ» አሉ እጃቸውን ቀስ ብለው እየሰበሰቡ፣ «ጠረጴዛው አድጓል።»

ሚሊሜትር መሳቅ ነበረባት፤ አልቻለችም። ያቺን እጅ በማስመሪያ ስትለካት ቁጥሩን አየች እንጂ እጃቸውን አላየችም። ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች፦

«አባዬ፣ የማይመጡት በጠረጴዛው ነው?»

እሳቸው እንጨቱን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ክፍልሽን ገና መጀመሪያ ይምጡ ያልሽኝ ጊዜ በዓይኔ ለክቼያታለሁ። አይገባባትም።»

«ሰባት ወር ሙሉ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሽማግሌው እንጨት ካልያዝኩ አልሄድም አለ ይበሉኝ? እናትሽን መጀመሪያ ያየኋት እዚህ ቆማ ነው። ሰው ቤት ያለሱ ብገባ እንግዳ ነው የምሆነው።» ከዚያ ወደ ቀልዳቸው ተመለሱ። «ካልሽ ያንን ኮምፒውተርሽን አምጪና ጥጉን ይዘሽ ጎተት አድርጊው። ሁሉን ታሳንሺ የለም እንዴ?»

ሜትሯን ዘረጋች። ጠረጴዛው ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። ክፍሉ ሁለት ሜትር ከሠላሳ አምስት። አምስት ሴንቲሜትር! በሥራዋ ላይ አምስት ሴንቲሜትር በጣት ነካ አድርጋ የምትጨርሰው ነገር ነው። ደግማ ለካች። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አሥር ጊዜም ብትለካ ግን ያው ነው።

«መጋዝ አለኝ» አሉ አባቷ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ከዚያኛው ጫፍ ትንሽ ብንቀንስለት…»

ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ለእሷ ሲሉ ሊቆርጡት ነው። ያኔ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አይቆረጥም» አለች። «ዕድሜ ልኬን ሥዕል እየቆረጥኩ ለግድግዳ አስተካክያለሁ። አሁን ግድግዳው ይስተካከል። ሳሎኔ አራት ሜትር ከአሥር ነው፤ እሱን ይውሰዱ።»

«ሳሎን ከሌለሽ እንግዳ ሲመጣ የት ልታስቀምጪ ነው?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

አባቷ መጋዙን ረስተው ሳቁ። በሰባት ወር ውስጥ በቀልድ ሲረቱ የመጀመሪያቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ፎቶዋን እንደ አዲስ፣ ከጠረጴዛው ጋር፣ በላቀ ጥራት ስካን አደረገቻት። የድሮውን ፋይል ብትለጥጠው የአበባው ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አበባውን ከመጀመሪያው ሣለችው፤ ሃያ ሦስት ሴንቲሜትር፣ ለሳሎኑ ግድግዳ ሰባት ቁራጭ። በዚህኛው ጊዜ ሕጓን አልጣሰችም። አባቷን ማተሚያ ቤት አመጣቻቸው። እሳቸው ናሙናው ፊት ለፊት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ አውልቀው፣ ደግመው አጥልቀው ተመለከቱት።

«አሁን ድኗል» አሉና ፈረሙ። ቀጥለውም ለኦፕሬተሩ «ቀዩ ግን ትንሽ…» ሲሉ ሰውዬው ወደ ሚሊሜትር ዞሮ «ከየት እንደወጣሽ ገባኝ» አላት።

ጠረጴዛውን አራት ጎረምሶች ከአራተኛ ፎቅ አወረዱት። አባቷ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ በየማጠፊያው «ቀስ! እሱ ደረጃ ላይ መውደቅ አይወድም!» ይሉ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ አበቦቹ ሥር ሲያስቀምጡት ከግራም ከቀኝም ቦታ ተረፈው።

ትንሿ ክፍል የሚሊሜትር መኝታ ሆነች። አባቷ የታመመውን ወረቀት ልንቀለው ቢሏት አሻፈረኝ አለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው ሳቁባት። እሷ ግን የድሮው ስንዝር ሳሎን ካለ የዛሬውም የሆነ ቦታ ይኑር ብላ ነው። የዛሬዋን እጅ ትወዳታለች፤ እንደገና ሳታያት ልታልፋት አልፈለገችም።

የገቡ ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቷ ግድግዳው ጋ ቀርበው እጃቸውን አንድ አበባ ላይ ዘረጉ። እንደተጠበቀው አልደረሰም።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ሞክሪ» አሏት።

አውራ ጣቷን አንዱ ጫፍ ላይ አድርጋ የቻለችውን ያህል ዘረጋች። አባቷ ጎንበስ ብለው የጎደለውን በጣታቸው ለኩት።

«ሁለት ጣት ይቀርሻል።»

«አርባ ሦስት ዓመቴ ነው እኮ አባዬ! ከዚህ በኋላ ከየት አመጣዋለሁ?»

«ምን ያስቸኩልሻል?» አሉና ጠረጴዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። «እደጊ። እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ።»