የመዝገበ ቃል ትርጓሜና የእናቱ ጥያቄ

ጥበብ ከድንቁርና ወህኒ አርነት ታወጣለች ብለው የቀደሙ ሊቃውንት መስክረዋል፤ ምስክርነታቸውም እውነት ነው፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይህችው ጥበብ አንዳንዱን ከዚያ አውጥታ ግድግዳው ወደ ተዋበ፣ ደጁ ግን ወደ ተዘጋ ሌላ ወህኒ እንደምታገባው ከመጻሕፍት ይልቅ የሰው ታሪክ አብልጦ ያስረዳል።

በመሳፍንት ዘመን ማብቂያ፣ በደብረ ሣህል የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት፣ አእምሮው ስል አንደበቱ ርቱዕ የሆነ መዝገበ ቃል የሚባል ደቀ መዝሙር ነበረ። ከታናሽ ወንድሙ ከይትባረክ ጋር ከቆላ አገር መጥተው፣ በአንዲት ጎጆ አድረው፣ ከአንድ አኩፋዳ ተቃምሰው ሲማሩ፣ በክረምቱ መውጫ የንዳድ በሽታ ገብቶ ይትባረክን ቀሠፈው። መምህሩ የኔታ ክፍለ ማርያም፣ ወንድማማቾቹን እንደ አባት ያሳደጉ ምሁርና ርኅሩኅ ሽማግሌ፣ ሐዘንተኛውን አስጠርተው አንድ ጥንታዊ የጠቢባን መጽሐፍ ሰጡትና በደብሩ በዓል ማግስት በሊቃውንቱ ፊት አስተያየቱን እንዲናገርበት አዘዙት። ቃሉም፣ «ጠቢብ ለሚያልፍ ነገር አያለቅስም፤ የሚያለቅስ ሁሉ የሚያልፈው የማያልፍ መስሎት የተሞኘ ነውና» ይል ነበር።

መዝገበ ቃል አነበበው፤ አሰላሰለው፤ ልቡ ግን እምቢ አለው። «ወንድሜ ሟች መሆኑን ዐውቄ ወደድሁት፤ ታዲያ ሞኝነቴ ወዴት አለ?» እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ፤ ዜማ ሲሳሳት በገዛ ስሕተቱ ይሥቅ የነበረውን ይትባረክን ባሰበ ቁጥርም፣ መጽሐፉን የጻፈው ሊቅ ሰው ሞቶበት የማያውቅ መሰለው። ሐሳቡ ባስጨነቀው ጊዜ ወደ መምህሩ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«የኔታ፣ ይህን ቃል ማመስገን አልሆነልኝም። ባመሰግነው እዋሻለሁ።»

ሽማግሌውም፣ «ልጄ፣» አሉት፣ «‹ክፍለ ማርያም ደቀ መዛሙርቱን የአበውን መጻሕፍት ያስንቃል› ተብዬ ከአገረ ገዥው ዘንድ ተከስሻለሁ። ከሳሾቼ በዚያ ቀን ከፊት ይቀመጣሉ። መጽሐፉን ብትነቅፍ ጉባኤው ይበተናል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ በግዞት እሞታለሁ። አመስግነው ብዬ አላዝዝህም፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።»

ባዘዙት ኖሮ እምቢ ለማለት በቻለ ነበር፤ አለማዘዛቸው ግን መውጫውን ሁሉ ዘጋበት፤ በአንድ ወገን ያሳደገው አባት፣ በሌላው ወገን የቀበረው ወንድም ቆመው፣ እርሱ በመካከል ቀረ።

ቀኑ ደረሰ። እናቱ ወይዘሮ ዘርትሁን የልጇን ክብር ለመስማት የሐዘን ልብሷን እንደ ለበሰች ከቆላ ወጥታ ከሴቶቹ ወገን ቆማ ነበር። መዝገበ ቃልም ተነሣ፤ ንባቡን ከምስጢሩ፣ ምሳሌውን ከአማናዊው እያስማማ፣ ልቅሶ የአላዋቂ፣ ዝምታ የዐዋቂ ገንዘብ መሆኑን እጅግ አሳምሮ ተረጐመ፤ ከሳሾቹ ሳይቀሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ይበል! ይበል!» አሉ። የኔታ ግን ካቀረቀሩበት ቀና አላሉም።

ጉባኤው ሲፈታ እናቱ ወደ እርሱ ቀረበች።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቈጠርሁም። ለወንድምህ የሚያለቅስ ሞኝ ነው ያልኸው አንተ ነህ?»

«መጽሐፉ ነው፣ እናቴ።»

«እሱ ሲናገር አንተ የት ነበርህ?»

እርሷም ግንባሩን ስማ፣ ምሳ ሳትቀምስ፣ የመጣችበትን ቁልቁለት ተመልሳ ወረደች።

የኔታ ከክሱ ነጻ ወጡ፤ በሰላም አርጅተው ባረፉ ጊዜም ወንበራቸው ለመዝገበ ቃል ተሰጠ። ደቀ መዛሙርት ያን ትርጓሜ ለመስማት ከሩቅ አገር ይጐርፉ ነበርና፣ የማያምንበትን ቃል በየዓመቱ አስተማረ፤ ትርጓሜውም በየዓመቱ ይበልጥ እያማረ ሄደ። ከብዙ ዘመን በኋላ የወይዘሮ ዘርትሁን መርዶ ሲመጣ፣ ተማሪዎቹ በአክብሮት ከበቡት፤ መምህራቸው ያስተማረውን በገዛ ሐዘኑ ሲፈጽመው ለማየት ዐይናቸውን በዐይኑ ላይ አኑረው ጠበቁ። እርሱም ለእናቱ ማልቀስ እየወደደ፣ ፊቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ የዕለቱን ንባብ ካቆሙበት እንዲቀጥሉ አዘዘ። ሌላ ሰው ያሰረውን ሌላ ሰው ይፈታዋል፤ በገዛ አንደበቱ የታሰረውን ግን፣ ያው አንደበቱ ካልተናገረለት በቀር፣ ነገሥታትም ቢሆኑ አይፈቱትም።