ሁለት ስም ያለበት መነጽር

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ የኛን ዕቃ ዋጋ ሳይገምት አይመለስም። ገሠሠ የሚባለው ሰው ደግሞ አሮጌ መነጽር ሰብሳቢ ነበር። የአባቴን የነሐስ የሩቅ ማያ መነጽር ወሬ ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጣ።

አባቴ ኦጅዋክ፣ ጋምቤላ የእንግሊዞች የንግድ ወደብ በነበረች ጊዜ፣ በባሮ ወንዝ ላይ የእንግሊዞቹን መርከብ መንገድ ይመራ ነበር። ካፒቴኑ መነጽሩን ይዞም መርከቡን አሸዋ ላይ ያወጣው ነበር፤ አባቴ ግን ውሃውን በባዶ ዓይኑ ያነበው ነበር። እንግሊዞቹ ሲሄዱ መነጽሩ ለአባቴ ተሰጠ። እሱም እንደ ጦሩና እንደ ታንኳው ሁሉ ስሙን በሚስማር ጻፈበት፤ ወንዝ ቢወስደው ያገኘ ሰው እንዲመልስለት።

ገሠሠ ነሐሱን በመሐረብ አሸት አሸት ሲያደርገው የካፒቴኑ ስም ወጣ። ፊቱ ፈካ። "ይኼ ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል" አለኝ። ገልበጥ ሲያደርገው ግን የአባቴን ስም አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"ምነው ባይሞነጫጭሩበት ኖሮ! ግድ የለም፣ አስፍቀዋለሁ።"

"የካፒቴኑም በሚስማር ነው የተጫረው" አልኩት።

"እሱማ ታሪክ ነው፣ እህቴ።"

ደሜ ፈላ። "እንግዲያው የካፒቴኑን ፍቀህ የአባቴን ተወው። መነጽሩን በነጻ ውሰድ።"

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከጓዳ ሞረድ አምጥቼ ፊቱ ሳስቀምጥ ሳቁን ተወ። መነጽሩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

የአባቴ ስም ብቻ የሚቀርበትን መነጽር በነጻም አልወሰደውም።