አባባ እንዳያስብ የተከለከለበት እሁድ

እህትየው ወንድሟ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች።

«እሁድ የእጮኛዬ እናት ይመጣሉ። አባባና ጋሼ አፋቸውን ካልያዙ እኔ እንደ አምናው መቅረቴ ነው።»

የአምናውን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። አባታቸው ሰዓት ጠጋኝ ነው። የቀድሞው እጮኛ አባት ደስ ብሏቸው መዝፈን ሲጀምሩ፣ «ባትሪያቸው እያለቀ መሰለኝ» አለ። የአባታቸው ታናሽ ወንድም ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው። የእጮኛውን ሱሪ ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ይሄን የሰፋው ሰውዬ ታስሯል?» ብሎ ጠየቀ። የሰፉት የልጁ እናት ነበሩ። እንግዶቹ በዚያው ወጥተው ቀሩ።

«አንተ ባሕር ማዶ የተማርከው ይሄንኑ አይደል? አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

ቤተሰቡ «ሊቁ» እያለ የሚጠራው ይህ ወንድም በእርግጥም የተማረው ይህንኑ ነበር። ሰው ራሱን የሚገዛበት ጉልበት ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ የውሃ ታንከር ነው ይሉ ነበር አስተማሪው፤ ብዙ ያሰበ ሰው ታንከሩ ይጎድላል፣ ከዚያ አፉንም እጁንም መግታት ያቅተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ሙከራውን ደግመው ምንም አላገኘንም ብለዋል። ሊቁ ወደ አገሩ ከተመለሰ ወዲህ ይህ ነገር ውስጡን ይበላዋል። የስድስት ዓመት ድካሙ እውቀት ይሁን ተረት አያውቅም።

«ቀላል ነው» አላት። «ሁለቱም ቀኑን ሙሉ እንዳያስቡ እናደርጋለን።»

እሁድ ጠዋት ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት። ሁለቱም ዐርፈው ሁለቱም ዝም ቢሉ የአስተማሪው ነገር እውነት መሆኑ በምን ይረጋገጣል? አንደኛው የግድ መድከም አለበት። ይህን ለእህቱ አልነገራትም።

አባቱን ሶፋ ላይ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ዛሬ ምንም አታስብም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ዝም ብለህ ግድግዳውን እይ።»

«ግድግዳው ተሰንጥቋል እኮ።»

«ስንጥቁን አታስብ!»

ሸሚዙን መረጠለት። ሻዩ ላይ ስንት ስኳር እንደሚፈልግ እንኳ ሳይጠይቅ ጨምሮ አማሰለለት። አባት ጤነኛ ሆኖ ሳለ አስታማሚ የተመደበለት ሰው መሰለ።

ቀጥሎ አጎቱን ጓዳ አስገባው።

«ጋሼ፣ ከሺህ ጀምረህ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠርልኝ።»

«ለማን?»

«ለሳይንስ።»

«ሳይንስ ራሱ መቁጠር አይችልም?»

ነገር ግን የወንድሙን ልጅ ይወዳልና ጀመረ። ሲጨርስ ሊቁ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ከሰዓት በኋላ ዐይኑ ቀልቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «አራት መቶ... አራት መቶ ማነው ስሙ?» ይል ነበር።

የእጮኛው እናት ራሳቸው የጋገሩትን ኬክ ይዘው መጡ። እጮኛው ሊቆርሰው ቢላዋውን በሁለት እጁ ተጫነው። ቢላዋው ጎበጠ። እንደምንም ተፈልፍሎ ለሁሉም ደረሰ።

«እንዴት ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

አባት አኘከ። ደግሞ አኘከ።

«እጅዎ ይባረክ» አለ።

ሊቁ በልቡ ጨፈረ። ያረፈው ራሱን ገዛ! ወደ አጎቱ ዞረ። አሁን የደከመው መፈንዳት አለበት። እህቱን ጭራሽ ረሳት።

«ግሩም ነው፤ ጨምሩልኝ» አለ አጎትየው።

«ጋሼ፣ በደንብ አኝከው እስኪ።»

«እያኘክሁ ነው።»

«ትንሽ ደረቅ አይልም?»

እህቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«ኧረ ጥጥ ነው!»

«ታዲያ መንጋጋህን ለምን ያዝከው?»

«የቆየ ሕመም ነው።»

«ቀኑን ሙሉ ደክመህ እንዴት ትዋሸኛለህ? ጡብ እኮ ነው! ቢላዋ ያጎበጠ ኬክ! አንተ ነህ እንዲህ ማለት ያለብህ፣ እኔ አይደለሁም!»

ሴትዮዋ ሹካቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ቦርሳቸውን አነሱ። እህት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ይቀመጡ፣ በሞቴ» አለ አባት። «ልጄን አይቀየሙት። ዛሬ ለሁላችንም ሲያስብ የዋለ እሱ ብቻ ነው። ብዙ ያሰበ ሰው አፉ አይታዘዘውም። የተማረውም ይህንኑ ነው።»

«እንዲህ ያለ ትምህርት አለ?»

«ባሕር ማዶ አለ» አለ አጎትየው። «ስድስት ዓመት ይፈጃል።»

ሴትዮዋ ሊቁን ከእግር እስከ ራስ አዩት።

«ምስኪን። ደግነቱ እኛ የምንወስደው ልጅቱን ነው።» ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ። «ታዲያ ለምን አታስተኙትም?»

አስተኙት። በጠራራ ፀሐይ፣ ከነካልሲው። እህቱ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለትና ጆሮውን ቆነጠጠችው።

«አባባ ባይደርስልህ ኖሮ ዛሬ በእጄ ነበር የምትሞተው» አለችውና መጋረጃውን ዘግታ ወደ እጮኛዋ ሮጠች።

ከሳሎን ሳቅ ይሰማል፤ የሰርጉ ቀን እየተቆረጠ ነው። ሊቁ ጣሪያው ላይ አፈጠጠ። አባቱ ያለው እውነት ከሆነ፣ አፉን ያስከፈተው ድካም ነው። እውነት ካልሆነ ግን እሱ እንዲሁ ባለጌ ነው ማለት ነው። ከተመለሰ ወዲህ አስተማሪው ልክ እንዲሆኑ እንደዚያን ቀን አጥብቆ ተመኝቶ አያውቅም።