በውሃ የተጻፈችው ቃል

ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ልጅ ያን ቀን ከሰዓት አፏ ተሳሰረ። አባቷ እየጻፈ ነበራ!

አባቷ የሱቅ ስም ጻፊ ነው። ቀለም ከመንካቱ በፊት ፊደሉን ጥቁር ቆርቆሮ ላይ በውሃ ይሞክራል። ካላማረው ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፤ ሲደርቅ እንደገና ይጀምራል። ከሦስት ወር በፊት ግን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ እጁም ምላሱም አልታዘዝ አሉት። ከዚያ ወዲህ እናቷ ከልብስ ስፌቷ በመጣች ቁጥር «ዛሬስ?» ትላለች። ሬዲዮም አንጀቷ አይችልማ፣ «ስምሽን ጠራ! እወድሻለሁ ሊል ምንም አልቀረው!» እያለች ትፈበርካለች። እናትየው ሁለቴ አምናት ሮጣ ገብታ፣ ሁለቴ አልቅሳ ወጥታለች።

አሁን ግን በግራ እጁ፣ ቀስ እያለ፣ ቆርቆሮው ላይ በውሃ አንዲት ቃል ጻፈ። የእውነት!

ለእማ ብትነግራት አታምናትም፤ በዓይኗ ማየት አለባት። ስለዚህ ፀሐይ እንዳያገኘው ቆርቆሮውን ጥላ ውስጥ አስገባችው። ጭራሽ እንዲቀዘቅዝ ብላ የቤቱን ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩን፣ ለቀቀችበት። ካልሞቀ ውሃው የት ይሄዳል? በረረች።

እናቷን ከስፌት መኪናዋ ላይ ጎትታ ስታመጣት ቆርቆሮው ክው ብሎ ደርቋል።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ በዚህም ትቀልጂብኛለሽ?»

«እማ ሙች፣ ነበረ!»

የፊዚክስ መምህሯ ያኔ ትዝ አሏት። መፍላት ውሃው ልኩ ድረስ እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ ሲመጣም ከሥር እስከ ላይ እየተንፈቀፈቀ፣ እያስታወቀ ነው። ትነት ግን ሙቀት አይመርጥም፤ ከላይ ከላይ፣ ኮሽ ሳይል ይወስዳል። ነፋስ ካገኘማ ይብስበታል። ፈተና ላይ ተሳስታው ነበር። አሁንም ተሳሳተችው።

«እሺ፣ ምን አለ? እወድሻለሁ ነዋ!» አለች እናቷ ፊቷን አዙራ።

«አይ…» የሬዲዮ ድምፅ ሰለለ። «‹አደከምኩሽ› ነው ያለው።»

እናትየው መለስ ብላ ልጇን አየቻት። ይቺ ልጅ ብትፈበርክ ማር ማሩን እንጂ ይሄን አትፈበርክም። ወደ ባሏ ዞረች። እሱ እግሯን ያያል፤ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ ውሎ ያበጠ እግሯን።

እናትየው ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክራ ቆርቆሮው ላይ «አልደከመኝም» ብላ ጻፈችለት። ሬዲዮ ቬንትሌተሩን ልታጠፋ ስትል፣ «ተዪው፤ ይድረቅና እሱ ይጻፍበት» አለቻት።

ሦስቱም ቁጭ ብለው ቃሉን አዩት። ከጫፍ ከጫፉ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። እናትየው ብሩሹን ግራ እጁ ላይ አኖረችለት።

እጁ አልተነሳም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።