ጥርስ ለሌለው የተቀመጠ ዱቄት

«ይኸው፣ ዱቄትማ አለ» አለች ጎረቤቷ ሙስሊማ፣ ግማሽ ገላዋን አልጋ ሥር እንዳስገባች። አንድ ትልቅ የዘይት ጣሳ እየጎተተች ወጣች።

ረዲያ ልጇን እያጠባች ነበር። አማቷ አዴ ዙህራ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ረዲያ እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም፤ ሴቶቹም ይህን ታዝበዋል። ጎረቤት ያመጣው ምግብ ለአሰበ ተፈሪ ሰው በቅቶ ሳለ፣ ከሂርና አንድ አውቶቡስ ሙሉ ዘመድ ድንገት ወረደ። «ቂጣ ይጋገር፣ ሰው ፊት አታዋርዱን» ብሎ ሴቶቹን ዱቄት ፍለጋ ያሰማራቸው የሟች ወንድም አብዱልቃዲር ነው። ከበደሳ ከመጣ ጀምሮ ቤቱን የሚያዘው እሱ ነው።

«እሱን አስቀምጪው» አለች ረዲያ። «የልጁ ነው።»

ሙስሊማ ሳቀች። «ይህን ሁሉ? አዴ ዙህራ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እጃቸው እንደጠበቀ ሄዱ።» በሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

አዴ ዙህራን ከተማው የሚያውቃቸው በቆንቋናነት ነው። ገበያ የሚወጡት ሰው ሲበተን ነበር፤ የቦኬ ገበሬ ቲማቲሙን ተሸክሞ ከመመለስ በርካሽ መስጠት ሲመርጥ። በዚያ ላይ ምራቂ ካልተጨመረላቸው ንቅንቅ አይሉም። ልጃቸው ዓሊዩ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ረዲያ እርጉዝ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አውቶቡስ መቆሚያው ላይ በሚሸጡት ለውዝ ነው የኖሩት። ከቀበሌ ሱቅ የምትወጣዋን ስኳር እንኳ አሮጊቷ ይቆልፉባት ነበር።

ረዲያ አራስ ሳለች አንድ ቀን ርቧት እጇን ወደዚህ ጣሳ ብትሰድ መቷት። «ይሄ ጥርስ ለሌለው ነው» አሏት። ማታ ሳህኗ ከወትሮው ሞልቶ ነበር፤ እሳቸው ጠግቤያለሁ ብለው ተኙ። ረዲያ ግን የቆጠረችው ዱላውን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ጠላቻቸው። በኋላም ለልጁ ገንፎ ሲያገነፉ፣ ከለኩት ዱቄት አንድ እፍኝ ወደ ጣሳው መመለሳቸው ያናድዳት ነበር።

«እህቴ ቆንቋና አልነበረችም» አለ ጥግ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው አብዱልቃዲር፣ ቆጣ ብሎ። «ጾመኛ ነበረች። ሰኞና ሐሙስ አይቀራትም። ለነፍሷ ሲባል እንግዳዋ ይብላ። አንቺም ልጄ፣ ለቅሶው ሲያበቃ ልጁን ይዘሽ ከኔ ጋር በደሳ ነሽ። ዱቄት ለማን ትቆጥቢያለሽ?»

ቤቱ ባዶ ከሆነ ቀበሌ ለሌላ ይሰጠዋል፤ ዓሊዩም ቢመለስ የሚያንኳኳው በር አይኖረውም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን አንዲት ልጅ እግር፣ ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን ቤት ታቆማለች ብሎ የሚያምን አልነበረም።

ረዲያ ተነሥታ ጣሳውን ከሙስሊማ እጅ ወሰደች።

«ሰኞና ሐሙስ ድሮ ነው፣ አባ» አለች። «ልጁ ከተወለደ ወዲህ ማክሰኞን ጨመሩ፣ ቀጥሎ ረቡዕን። ሱና ነው ሲሉኝ አመንኳቸው። የሚያፈጥሩት ወተት በሌለው ሆጃ፣ በተፈላ የቡና ገለባ ብቻ መሆኑን ያየሁት ከታመሙ በኋላ ነው። እህትዎ ከአፋቸው ቀንሰው ነው ይህን የሞሉት። ለእንግዳ አላወጣውም። በደሳም አልሄድም።»



«እንግዳው ጦሙን ይደር?» አለ አብዱልቃዲር፣ ግን ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ጎረቤት አለኝ፣ እለምናለሁ። ሦስቱ ቀን ሲወጣ ደግሞ ለውዜን ይዤ መቆሚያው ላይ እቀመጣለሁ። የሚያማ ይማ።»

ሙስሊማ ዐይኗን ሳታነሣ ወደ በሩ ሄደች። «እኔ ቤት የተቦካ አለ» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት።

አብዱልቃዲር ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። «ጾማ ባየኋት ቁጥር አላህ ይቀበልሽ እላት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎም «ቤቱን ልቀቂ የሚልሽ ካለ፣ መጀመሪያ እኔን ያናግር» አላት።

ረዲያ ልጇን አዝላ ጓዳ ገባች። ድስት ጣደች፣ ዱቄቱን ለካች። ውኃው ሲፈላ ልትጨምረው ብላ ቆመች። ከለካችው ላይ አንድ እፍኝ ዘግና ወደ ጣሳው መለሰች። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ዱቄቱ እንዳይረጥብ ፊቷን አዞረች።